ለባለቤቱ መልሺለት

«ለጋምቤላ ሰው አማርኛሽ እኮ በጣም ጥሩ ነው።»

ይህን ያሉኝ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ናቸው። ያሉትም በጡረታ መሸኛዬ ዕለት፣ ማይክ ይዘው፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እየሰማ ነው። ክፋት አልነበረባቸውም። ፈገግ ብለው ነው የተናገሩት፤ ከመሃል አገር ከመጡም ብዙ አልቆዩም። እኔ ግን በዚህ ክልል ፍርድ ቤቶች ውስጥ በአማርኛ፣ በአኙዋኛና በኑዌርኛ መካከል ቆሜ ሳስተረጉም ነው ፀጉሬ የሸበተው። ሰው የታሰረው፣ ሰው የተፈታው፣ ባልና ሚስት የተለያዩት፣ መሬት ከአንዱ ወደ ሌላው የዞረው በእኔ አፍ እያለፈ ነው። ያ ሁሉ ዘመን ተደምሮ ውጤቴ «ለጋምቤላ ሰው ጥሩ» ሆነ።

ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። መልሱን ያስተማሩኝ ሰው ስላሉ ግን ከእሳቸው ልጀምር።

ስማቸው አበጋዝ ነው። ቲቸር አበጋዝ። ከወሎ ወደ ጋምቤላ ሲመደቡ ገና ፂማቸው ያልሞላ ወጣት ነበሩ። ያን ጊዜ ለደጋ ሰው ጋምቤላ መመደብ እንደ ቅጣት ይቆጠር ነበር። ሙቀቱ ይወራል፣ ወባው ይወራል፣ አብዛኛው መምህር ሻንጣውን ሳይፈታ የዝውውር ማመልከቻ ይጽፋል። ቲቸር ሻንጣቸውን ፈቱ፤ ልብሳቸውን ባሮ ወንዝ ወርደው አጠቡ፤ ከዚያ ወዲህ ከዚህ ከተማ አልወጡም።

እኔ አጁሉ እባላለሁ፤ አኙዋ ነኝ፣ ከባሮ ዳር መንደር ለትምህርት የመጣሁ። ክፍላችን ውስጥ ግማሹ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ነው፣ አማርኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ። ከእኛ አንዱ ሞክሮ ከተሳሳተ ጣሪያው እስኪነሳ ይሳቅበታል። ስለዚህ አፌን ላልከፍት ወሰንኩ። ሞኝ ስለነበርኩ አይደለም፤ ኩሩ ስለነበርኩ ነው። አንዱ መምህር «ይቺ ልጅ ዲዳ ናት እንዴ?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ዝም አልኩ።

ቲቸር አበጋዝ የመጀመሪያው ቀን ገብተው ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሙ። እግራቸውን ከፈት አድርገው መሬቱን ረገጥ አደረጉና አንድ ዓረፍተ ነገር በአኙዋኛ ተናገሩ። ምን ልበላችሁ፣ እንዲህ ያለ መጥፎ አኙዋኛ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። እሳቸው እጃቸውን አጣምረው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ።

«ጨረሳችሁ? በሉ አሁን አርሙኝ።»

አረምናቸው። ደገሙት። አሁንም ልክ አልነበረም።

«ድገመው!» አልኩ እኔ ሳላስበው፣ ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ።

ደገሙት። እኛ «አዎ» እስክንል ድረስ ደጋገሙት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ቋንቋ የሚማር ሰው የሳቅ ቀረጥ ይከፍላል» አሉ። «የእኔን ከፍያለሁ። ተረኛው ማነው?»

«ድገመው» ብዬ በ«አንተ» በመናገሬ አልተቆጡም። በኛ አገር አማርኛን ከገበያ የተማረ ሰው ለሹሙም ለፍየሉም «አንተ» ነው የሚለው። «መጀመሪያ ይናገሩ እንጂ አክብሮቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል» ይሉ ነበር ቲቸር። ቀረጣቸውን በየጠዋቱ ይከፍሉ ነበርና ከዚያ በኋላ በጓደኛው የሚስቅ ልጅ ጠፋ። ማን ደፍሮ ይስቃል፣ መምህሩ ቀድመው ተስቆባቸው?

ሁለት ነገር አጥብቀው ይይዙ ነበር። አንደኛው መቆም ነው። እየተልፈሰፈስኩ ስነሳ «እግርሽን ትከይ» ይሉኛል። «የሰው ቋንቋ ስትናገሪ እንደ እንግዳ በር ላይ አትንጠልጠዪ። ግቢ፣ ቁሚ፣ ከዚያ ተናገሪ።» ሁለተኛው መመለስ ነው። አንዱ ልጅ ከቤቱ የሆነውን ነገር በቋንቋው ያወራል፤ ሌላው ያንኑ በአማርኛ ያቀርባል፤ ከዚያ ወደ ባለታሪኩ ዞሮ «ያልኩት ያልከውን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ባለታሪኩ «አይደለም» ካለ እንደገና ከመጀመሪያው። መምህሩ እንኳን በባለታሪኩ ፈንታ «ልክ ነው» አይሉም።

አንድ ቀን የጓደኛዬ ፍየል እንዴት እንደሞተች ሳወራ ለማሳመር ብዬ ለቅሶ ጨመርኩበት። ቲቸር አቋረጡኝ።

«የሞተችው የማን ፍየል ናት?»

«የሱ።»

«እሱ አላለቀሰም። አንቺን ምን ያስለቅስሻል? ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው። ለባለቤቱ መልሺለት።»

እንግዲህ እኔ ከዚህ በላይ የተማርኩት የማስተርጎም ትምህርት የለም። ሌላው ሁሉ ልምድ ነው።

ትምህርቴን ጨርሼ በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። ኢታንግ ወረዳ ፍርድ ቤት ውስጥ ሆኜ አንድ ቀን አስተርጓሚው ታመመና «አንቺ ነይ» ተባልኩ። በዚያው ቀረሁ። ስለ ደሞዙ አላወራም፤ ያወራሁ እንደሆን ዛሬ የጀመርኩትን አልጨርስም። የመጀመሪያው ቀን ተከሳሹ «እኔ ነኝ የመታሁት» ሲል እኔም «እኔ ነኝ የመታሁት» አልኩ። ዳኛው ቀና ብለው «አንቺ ነሽ እንዴ የመታሽው?» አሉኝ፤ ችሎቱ ሳቀ። ሳቁን ጠብቄ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ንግግሩ የሱ ስለሆነ በሱ አፍ ነው የማቀርበው» አልኩ። እስከ ጡረታዬ ድረስ «እኔ» ያለውን «እኔ»፣ የተሳደበውን ስድቡን፣ የተንተባተበውን መንተባተቡን አቅርቤያለሁ። ከተናጋሪው ትከሻ በስተኋላ ግማሽ እርምጃ እቆማለሁ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እጄን አነሳለሁ፤ ያልሰማሁትን ገምቼ አላውቅም። ከሁለቱም ወገን ሻይ አልጠጣም፤ ከችሎት ውጭ ከተከራካሪ ጋር አላወራም። ሰዎች ኩራተኛ ይሉኝ ነበር። ይበሉኝ።

ኑዌርኛን የተማርኩት እዚያው ኢታንግ ገበያ ከወተት ሻጮቹ ነው። የሳቅ ቀረጡን ከነወለዱ ከፈልኩ። እናቴ «አኙዋ ሆነሽ ለኑዌር ልትናገሪ?» ብላ ተቆጣች። በኛና በነሱ መካከል ያለፈውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ ባታውቁትም ይሻላል። እኔ ግን አፌን ለዘር አላከራየሁትም።

አሁን ወደ ቾል ልምጣ።

ቾል የኑዌር ወጣት ነው። ገበያ ዳር አመሻሽ ላይ ጠብ ተነስቶ አንድ ሰው በዱላ ክንዱ ተሰበረ፤ ተጎጂው «የመታኝ እሱ ነው» አለ። ቾል ደግሞ «እዚያ አልነበርኩም» ይላል። ፖሊስ ጣቢያ ቃሉን የተቀበሉት ያለ አስተርጓሚ፣ በራሱ በተሰባበረ አማርኛ ነው። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ መውለጃዋ ተቃርቧል። ስለዚህ በሷ ፈንታ ችሎት የምትመጣው እናቷ ኛዳክ ነበረች። ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ነጭ ነጠላ ግንባሯ ድረስ የምትከናነብ ሴት ናት። የመጀመሪያው ቀን እኔን ስታይ በሩ ላይ ቆማ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ በኑዌርኛ ተናገረች።

«ልጃችን በአኙዋ አፍ ሊዳኝ ነው?»

ሰምቻታለሁ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች።

ዳኛው ጠየቁ። «ጠቡ ሲነሳ የት ነበርክ?»

ቾል አፉን ከፈተ። ከዚያ አንገቱ ተሸማቀቀና ዘጋው። «ከጓደኞቼ ጋር» አለ ቆይቶ።

«ማን ቤት? ምን ትሠሩ ነበር?»

ዝም።

«እየተጠየቅህ ነው፤ ምን ትሠሩ ነበር?»

ላቡ በጀርባው ወረደ፤ ዝም። ዳኛው ወደ ጸሐፊዋ ዞረው «የነበረበትን ማስረዳት አልቻለም ተብሎ ይመዝገብ» አሉና ለፍርድ ቀጠሮ ሰጡ። እኔ ከተነገረው አንዲት ቃል አልጣልኩም። ከችሎት ስወጣ ግን ያልተነገረውን እያሰብኩ ነበር።

በሰንበት ጋምቤላ ገብቼ ቲቸር ዘንድ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ማንጎ ዛፋቸው ሥር ተቀምጠዋል። ነገርኳቸው።

«ዝም ሲል ምን ብለሽ አቀረብሽው?» አሉኝ።

«ዝም አለ ነዋ፣ ቲቸር። ዝምታ ይተረጎማል እንዴ?»

«የማን ዝምታ ነው?»

«የሱ።»

«እና ለባለቤቱ መልሰሽለታል?»

አልመለስኩለትም ነበር። እዚያው ዛፍ ሥር እንደተቀመጥኩ ነው ነገሩ የበራልኝ። የኑዌር ወንድ በሚስቱ እናት ፊት አይበላም። የመብል ነገርም በፊቷ አያነሳም፤ ነውር ነው፣ ሞት ነው። ወተት ሻጮቹ ከቋንቋቸው ጋር ይህንንም ነግረውኛል። ቾል ምን እንደያዘ አላውቅም ነበር። ያቺ ሴት ሁለተኛው ረድፍ ላይ እያለች ግን አፉን የማያስከፍት ነገር እንደያዘ ገባኝ። ያቺ ምስኪን ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ የምትመጣው እሱን ልታድን ነው።

የፍርዱ ዕለት ዳኛው መዝገቡን ከመግለጣቸው በፊት ተነሳሁ። እግሬን ተከልኩ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ የማቀርበው አለ። ተከሳሹ የሚስቱ እናት ባለችበት ሊናገረው የማይችለው ነገር ይኖራል። ለጥቂት ጊዜ ትውጣና ጥያቄው ይደገምለት።»

«አንቺ ጠበቃ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ምስክር ነሽ?»

«አይደለሁም፤ አስተርጓሚ ነኝ። ያስተረጎምኩት ስላላለቀ ነው።»

«አጁሉ፣ ቦታሽን እወቂ። ተቀመጪ!»

«ቦታዬ ይሄ ነው» አልኩ። አልተቀመጥኩም። የተባባልነው ሁሉ በአማርኛ ስለሆነ የተሰባበረ አማርኛ ብቻ ለሚያውቀው ለቾልም፣ ጨርሶ ለማታውቀው ለኛዳክም አልገባቸውም። ልተርጉምላቸው ስል «ያልታዘዝሽውን አታስተርጉሚ» ተባልኩ። ፍርዱ ተነበበ፤ እስር። እሱን ግን እንዳስተረጉም ታዘዝኩ፤ ቆሜ አስተረጎምኩ። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የምጠላው ዓረፍተ ነገር እሱ ነው፤ በቾል ጆሮ የገባው በእኔ ድምፅ ነው።

ዳኛው ኋላ ቢሮ አስጠርተው «ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ምነው ዝም ብትዪ?» አሉኝ። «ይነቅዛል፤ እስር ቤት ከገባ ይነቅዛል» አልኳቸው። ብዙም ሳይቆይ «ለሥራው ጥቅም ሲባል» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝና ወደ ጎግ ወረዳ ተዛወርኩ። ሕጉ ከሳቸው ጋር ሊሆን ይችላል፤ አልክድም። ይቅርታ ጠይቂ ያሉኝም ነበሩ። ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

ያዘንኩት ግን እንዲህ በቀላሉ አይነገርም። ሥራውን ልተው ቆርጬ ቲቸር ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ። እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ተቀመጪ ሲሉሽ ተቀመጥሽ?»

«አልተቀመጥኩም።»

«እንግዲያው ሂጂና ጎግ ላይ ቁሚ።»

ጎግ ላይ ቆምኩ። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ውጦት መኪና አይገባም፤ ጋዜጣ አይደርስም፤ ትንኙ ከሰው ይበዛል። የዚያ ፍርድ ቤት ዳኛ ግን ለሰው ጆሮ የሚሰጥ ሰው ነበር። ሁለት ወንድማማቾች በእርሻ ወሰን ሲካሰሱ እያንዳንዱን ንግግር ለባለቤቱ እየመለስኩ «ያልኩት ያልከውን ነው?» ስል አይቶ ሥራውን እንዳላስረዝምበት እንኳን አልተናገረኝም። እንዲያውም «ይህን ነገር ከየት አመጣሽው?» ብሎ ጠየቀኝ። የወሎ ሰው አስተማሩኝ አልኩት። ክረምቱ ሙሉ ግን ልቤ ቾል ዘንድ ነበር። ሴት ልጁ የተወለደችው እሱ ታስሮ ሳለ ነው።

በጋው ሲገባ ጋምቤላ ከሚገኘው ይግባኝ ሰሚ ችሎት መጥሪያ መጣልኝ። የቾል ቤተሰብ ይግባኝ ብሏል። እዚያ ኑዌርኛ የሚችል አስተርጓሚ ነበረ፤ የራሳቸው ሰው። እነሱ ግን «ያቺ አኙዋ ትምጣ» ብለው ነበር።

ስገባ ኛዳክ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ዳኛዋ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ መዝገቡን አነበቡና ወደ እኔ ቀና አሉ።

«በሥር ፍርድ ቤት ያቀረብሽው ነገር ነበር አሉ። ምን ነበር?»

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከራሴ የምጨምረው የለኝም። ዝምታውን ለባለቤቱ ልመልስለት ነው የፈለግሁት። የሚስቱ እናት ትውጣ፤ ጥያቄው ይደገም።»

«ለሴትዮዋም ለተከሳሹም ተርጉሚላቸው» አሉ ዳኛዋ።

ተረጎምኩ። ኛዳክ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔ ነኝ አፉን የዘጋሁት?» አለች። ያንንም ተረጎምኩ። ተነሳች፣ ነጠላዋን ሳበች፣ ወጥታ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

ጥያቄው ተደገመ። ቾል ወደ በሩ ዞሮ መሄዷን አየ። ከዚያ የታሰረ ውሃ እንደተለቀቀ ተናገረ።

«እበላ ነበር። ጓደኛዬ ቤት ገንፎ በወተት እየበላን ነበር። ከብት ይዘው ወንዝ ሊወርዱ ስለነበር አብረን በላን። እነሱን ጠይቋቸው።»

«እበላ ነበር» አልኩ በአማርኛ፣ በሱ አፍ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ለገንፎ ብሎ ሰው ይታሰራል እንዴ ብሎ ይሆናል። ዳኛዋ አልሳቁም። እኔ ወደ ቾል ዞሬ ያልኩትን በኑዌርኛ መልሼ «ያልኩት ያልከውን ነው?» አልኩት። «ነው» አለ። ድምፁ ተሰበረ፤ መሰበሩንም አቀረብኩ። ጓደኞቹ ወንዝ ዳር ከብት ከሚጠብቁበት ተጠርተው መጡ፤ መሰከሩ፤ ቾል ተፈታ።

መዝገቡ ተዘግቶ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ኛዳክ በር ላይ ጠበቀችኝ። የመጀመሪያው ቀን በቆመችበት አቋቋም ነው የቆመችው።

«ኢታንግ ላይ ምን እንዳልሽ አልሰማሁም፤ አማርኛ አላውቅም» አለችኝ። «ስትቆሚ ግን አይቼሻለሁ።»

ይኸው ነው። አሁን ጡረታ ወጣሁ። በኔ ቦታ ሰው አልተቀጠረም፤ ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ማንኛውም ጸሐፊ ይበቃል ተብሏል። እንዲያውም ስልክ ይተረጉማል የሚሉ አሉ። ስልኩ እግሩን ይትከልና እናያለን።

ወደ መሸኛዬ ልመለስ። ኃላፊው ያን ተናግረው ማይኩን ሰጡኝ። ፊት ለፊት ቲቸር አበጋዝ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠዋል፤ ከኢታንግ የመጣው ቾል ከኋላ ግድግዳ ተደግፏል። ጥበቃዎቹ፣ ጽዳቶቹ፣ ሾፌሮቹ ሁሉ አሉ። ለምስጋና ያዘጋጀሁትን ተውኩት። እግሬን ተከልኩ።

«የተናገሩትን ለባለቤቱ ልመልስ» አልኩ። «‹ለጋምቤላ ሰው አማርኛሽ በጣም ጥሩ ነው› ብለዋል። ያልኩት ያሉትን ነው?»

«አዎ፤ ማለቴ...»

«‹ማለቴ› አላስተረጉምም። ያሉትን ብቻ ነው።»

ከዚያ ወደ አዳራሹ ዞሬ የኃላፊውን ንግግር በአኙዋኛ አቀረብኩ፤ ቀጥዬ በኑዌርኛ። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ ፈገግታቸውን ሳላስቀር። ኃላፊው ላባቸውን ጠረጉ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ፤ ያን ያህል ዘመን የሰው ንግግር ስመልስ ኖሬ ለራሴ የተነገረውን ስመልስ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

በዚህ መሃል የከዘራ ድምፅ ተሰማ። ቲቸር እየተነሱ ነው። ሰው ሊደግፋቸው ሲል በእጃቸው ከለከሉት። እግራቸውን ከፈት አድርገው መሬቱን ረገጥ አደረጉና በዚያ ዕድሜ ልካቸውን ባልተቃና አኙዋኛቸው ጮክ ብለው ጠየቁኝ።

«አጁሉ፣ ለወሎ ሰው አኙዋኛዬ እንዴት ነው?»

አኙዋው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ለኑዌሮቹና ለኃላፊው ተረጎምኩ፤ እነሱም ሳቁ፤ ኃላፊውም ጭምር፣ ቀልተው። ቲቸር እጃቸውን ከዘራው ላይ ደራርበው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። መልስ እየጠበቁ እንደሆነ አወቅሁ።

«መጥፎ ነው፣ ቲቸር» አልኩ፣ እያለቀስኩ። «ድገመው!»

ደገሙት።